ክረምት ሲወጣ በደጋው አገር

በኢትዮጵያ ደጋ፣ ከስሜን ተራሮች እስከ ላስታ ገደላ ገደል፣ ከጉና ግርጌ እስከ ጮቄ ራስ፣ ከመንዝ ሜዳ እስከ እንጦጦ ጫፍ ድረስ፣ ሕዝብ ከዓመቱ የአየር ለውጦች ሁሉ አብልጦ ሲጠብቀው የኖረው የክረምትን መውጫ ነው። ሐምሌን ሙሉ ከሸንተረሩ ሳይነሣ የከረመው ጉም፣ ነሐሴ ከተጋመሰ በኋላ ረፋዱ ላይ ለጥቂት ሰዓት ይገለጥና፣ ለብዙ ሳምንት ያልታየው የማዶው ተራራ ከግርጌው እስከ ጫፉ ለምልሞ፣ ገደሉ በነጫጭ ፏፏቴዎች ተሰንጥቆ ይታያል፤ ሌሊትና ቀን ሳይለይ ይወርድ የነበረው ዝናብ ሰዓት መምረጥ ይጀምራል፤ ከቀትር በኋላ በነጎድጓድ መጥቶ ዶፉን አውርዶ ያልፋል እንጂ እንደ ቀድሞው አድሮ አይውልም፤ የጠዋቱ ፀሐይ ቆዳ ታቃጥላለች፣ ሌሊቱ ግን ከሐምሌ ሌሊት ይልቅ ጥርት ያለና የሚቆረጥም ብርድ ያለበት ይሆናል። እነዚህን ምልክቶች እረኛውም፣ ገበሬውም፣ ደብተራውም፣ ነጋዴውም፣ የንጉሡም ጭፍራ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ጉዳይ ሲል ይመለከታቸው ነበር። የደጋው መንግሥት፣ ንግድና ጸሎት ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ በአንድ የአየር መዞሪያ ላይ ተመሥርተው መኖራቸውን ሳያስተውል የአገሩን ታሪክ የሚጽፍ ሰው፣ ነገሥታቱ ለምን በዚህ ወር ተቀምጠው በዚያ ወር እንደ ተነሡ ሊያስረዳን አይችልም ብዬ አምናለሁ።

የለውጡ ምክንያት ከአገሩ በጣም ርቆ ይጀምራል። ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን ስታዘነብል፣ የሰሜኑና የደቡቡ ነፋሳት የሚገናኙበት የዝናብ መቀነት ከምድር ወገብ ተነሥቶ እርስዋን እየተከተለ ይወጣል፤ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደን በኩል ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው፣ ከሕንድ ውቅያኖስም የሚመጣው እርጥበት አዘል አየር ከደጋው ግድግዳ ጋር ሲጋጠም፣ ሽቅብ እየወጣ ይቀዘቅዝና ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ኃይሉ ከበረታ በኋላ፣ በመስከረም መቀነቱ ወደ ደቡብ ሲመለስ ደረቁ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ ክረምት ከሰሜን ጫፍ ጀምሮ ይወጣል፤ ትግራይና ሰሜን ወሎ ቀድመው ብራ ያያሉ፣ ጎጃምና ሸዋ ይከተላሉ፣ በከፋና በኢሉባቦር ግን ዝናቡ ገና ይቆያል። ሰው ወደ ላይ በ1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል የሚቀንስ በመሆኑ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው አገር፣ ይልቁንም ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ በሚቆምበት በስሜን፣ ለውጡ የሚሰማው ከብርሃኑ ይልቅ በብርዱ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ እንደ ጋቢ ተደርቦ የነበረው ደመና በተገፈፈ ሌሊት ምድሪቱ ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለችና፣ በመስከረም በሣሩ ላይ ጤዛ የነበረው በኅዳርና በታኅሣሥ አመዳይ ሆኖ ይገኛል። የደጋ ሰው የጥቢን ውበት የሚቀበለው ከኋላው ውርጭ እንዳለ እያወቀ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን ወራት ከማንም በበለጠ ጥንቃቄ መርምረው ከፋፍለውታል። በእነርሱ ቁጥር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው መፀው ነው። ነገር ግን ክረምቱን እንደ አንድ ያልተከፈለ ዘመን አልተዉትም። መጀመሪያው ዘመነ ዘርዕና ዘመነ ደመና ይባላል፤ ከሐምሌ 19 ቀን ጀምሮ ያለው የመብረቅ፣ የነጎድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ ጊዜ ነው፤ ከነሐሴ 10 እስከ 27 ቀን ድረስ ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያትና ዓይነ ኵሉ ይታሰባሉ፤ ከነሐሴ 28 ቀን እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ ድረስ ዝናብ እየወረደ ሳለ መዝሙሩ ስለ ጎሕና ስለ ጽባሕ፣ ስለ መዓልትና ስለ ብርሃን ይሆናል፤ ከመስከረም 1 ቀን በኋላ የቅዱስ ዮሐንስ፣ ቀጥሎ የፍሬ፣ ከ16 እስከ 25 ደግሞ የመስቀል ዘመን ነው። ይህን ክፍል ያወጡ አባቶች ዓይናቸውን በብራና ላይ ብቻ የተከሉ ሰዎች አልነበሩም። በተራራ ራስ ላይ በተሠራ ደብር ደጅ ቆሞ የነሐሴን መጨረሻ የተመለከተ ሰው፣ የጎሕ ዘመን የተባለው ለምን በዚያ ሳምንት እንደ ገባ ወዲያው ያስተውለዋል፤ ከሳምንታት ጨለማ በኋላ ንጋት ሙሉ ብርሃን ይዞ የሚመጣው ያን ጊዜ ነውና።

ከእነዚህ ክፍሎች ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን የዕጓለ ቋዓትና የዓይነ ኵሉ ጊዜ ነው። ሊቃውንቱ የቁራ ጫጩቶች ወደ ፈጣሪያቸው የሚጮኹበትንና የፍጥረት ሁሉ ዓይን ተስፋ የሚያደርግበትን መታሰቢያ ያኖሩት፣ በገበሬው ቤት ጎተራው በሚራቆትበት ሳምንት ላይ ነው። ያለፈው ዓመት እህል በዘርና በክረምት ቀለብ አልቆ፣ አዲሱ ገና በቡቃያ ወይም በአበባ ላይ ሳለ፣ የደጋ እናት በሐምሌና በነሐሴ ጎመኑን ከጥቂት ገብስ ጋር እያብቃቃች ልጆችዋን ታሳድር ነበር፤ ባልዋም ባዶ ሆዱን በጤፍ ማሳ ውስጥ ለአረም ጎንበስ ብሎ ይውላል። ከአዝርዕቱ ሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ገብስ በመሆኑ፣ በመስከረም የመጀመሪያው እሸት በእሳት ተለብልቦና ታሽቶ ሲቀመስ፣ በዚያ ቤት የነበረው ደስታ ከማንኛውም በዓል ደስታ ያነሰ አልነበረም። ሥራው ግን በዚህ አያበቃም፤ ክረምቱ መውጣቱን የሚጠባበቅ ሌላ ዘር አለና። ሽምብራና ጓያ ውሃ በተኛበት መረሬ ላይ አይሆኑም፤ ውሃው ከተንጣፈፈ በኋላ በምድሪቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ስለሚያድጉ፣ ገበሬው ዝናቡ የሚቋረጥበትን ሳምንት በትክክል መገመት አለበት፤ ቢፈጥን ዘሩ ይበሰብሳል፣ ቢዘገይ ምድሪቱ ትደርቅበታለች። ይህ ግምት ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ በመጽሐፍ ሳይገባ ብዙው ከባለቤቶቹ ጋር መቃብር መውረዱ ያሳዝነኛል። በእሸት ላይ የሚወርደው የመስከረም በረዶም የዚሁ ወራት ፍርሃት ነበር፤ በዓል የሻረ መንደር በበረዶ ይመታል እየተባለ፣ በወሩ የቅዱሳን በዓላት ሞፈርና ቀንበር እንዳይነካ አጥብቆ ይጠበቅ ነበር።

ሕዝቡ ራሱ የክረምቱን መዞሪያ የሚያከብረው በነሐሴ 13 ቀን፣ ቡሄ በሚባለው በደብረ ታቦር በዓል ነው። በዓሉ ከነሐሴ 1 ቀን በሚጀምረው በፍልሰታ ጾም መካከል የሚውል ሲሆን፣ ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ነውና፣ በደመና በተጨለመ ተራራ ላይ ለሚኖር ሕዝብ ከዚህ የተሻለ የተገጠመ በዓል አይገኝም። እረኞቹ ለሳምንታት የገመዱትን ጅራፍ ያጮኻሉ፣ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ፣ ሲመሽ ችቦ ይበራል፤ የጅራፉም ጩኸት በደብረ ታቦር የተሰማውን ድምፅና ነጎድጓድ የሚያስታውስ ነው ይባላል። ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት የሚለውን ምሳሌ በቆላም በደጋም የማያውቅ የለም። ነገር ግን ዶሮ ሲጮኽ ሌሊቱ ገና ጨለማ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ከቡሄም በኋላ ዝናቡ ገና ብርቱ ነው፤ ዓባይና ተከዜ እጅግ የሚሞሉት በነሐሴ መጨረሻ ሲሆን፣ የጣና ሐይቅ ከፍታውን የሚደርስበት ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ምሳሌውን የተናገሩት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ የተናገሩትም መዞሩን እንጂ ማብቃቱን አይደለም።

ከዚያ ጳጉሜን ትመጣለች፤ በሦስት ዓመት 5፣ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ 6 ቀን ሆና። በጳጉሜን 3 ቀን፣ በቅዱስ ሩፋኤል በዓል፣ የሚወርደው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ስለሚታመን ሕፃንና ሽማግሌ ከቤት ወጥቶ ይረጠብበታል፤ በቅዱስ ዮሐንስ ማለዳም ሕዝቡ ወደ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። በዚያው ዕለት በቤተ ክርስቲያን ካህኑ ዘመኑ የማን ወንጌላዊ እንደ ሆነ፣ ጾሞቹና በዓላቱ በየትኛው ቀን እንደሚውሉ አስልቶ ያውጃል። ከወንዙ ሲመለሱ ልጃገረዶቹ የሚለቅሙት አደይ አበባ ከዚህ ሳምንት አስቀድሞ አይፈነዳም፤ ወንዱ ወፍም ተራ ላባውን ጥሎ የጌጥ ልብሱን ለብሶ በሣሩ ላይ የሚታየው በዚሁ ሰሞን በመሆኑ የመስቀል ወፍ ተብሎ ቀርቷል።

አሁን ወደ ነገሥታቱ እንመለስ። የዜና መዋዕል ጸሐፊዎቻችን የአንድን ንጉሥ ዓመት ሲጽፉ፣ በበጋ ወዴት እንደ ዘመተና በክረምት በየት እንደ ከረመ ሳይናገሩ አያልፉም፤ ይህም ለአንባቢው ደረቅ የጉዞ መዝገብ መስሎ ቢታይም፣ በእኔ ግምት የመንግሥቱን አጥንት የሚያሳይ ነገር ነው። በመካከለኛው ዘመን የንጉሡ ከተማ የድንኳን ከተማ ነበረ፤ በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት፣ ካህናት፣ ነጋዴ፣ እንስሳና ባለ እጅ ይዞ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወራል፤ ያረፈበትን ወረዳ እህልና እንጨት ሲጨርስ ይነሣል። ሰኔ ሲገባ ግን ይህ ሁሉ ይቆማል። በቅሎ በማጡ ውስጥ ትሰጥማለች፣ ዓባይ፣ በሽሎ፣ ጀማና ተከዜ በሙላት ተለያይተው አንዱን አውራጃ ከሌላው ይቆርጣሉ፣ ድንኳኑም ሐምሌን አይችልም። ስለዚህ ንጉሡ ለሦስት ወር የሚቀመጥበት፣ ጣሪያ ያለው፣ ማገዶና ግጦሽ የሚገኝበት ቦታ ማግኘት ነበረበት።

የጎንደር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ አስፈላጊነት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ አፄ ሠርፀ ድንግል ከሸዋ ርቀው በጣና ዙሪያ መክረም አዘወተሩ፤ በእንፍራዝ የጉዛራ ቤተ መንግሥትም በእርሳቸው ዘመን ተሠራ። አፄ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ተቀመጡ። ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ ከዚያ በፊት እንደ ነበሩት የክረምት ሰፈሮች ሁሉ እርስዋም ከዓመታት በኋላ ትተዋለች ብሎ መገመት ይቻል ነበር፤ ግን ቀረች፣ ከ200 ዓመት በላይም መናገሻ ሆነች። የግንቡ ወፍራም ግድግዳ፣ አዳራሹና ሰገነቱ የተሠሩት ንጉሡ በበጋ ዘምቶ በክረምት ለሚገባበት ኑሮ ነበረ። ታላቁ ኢያሱም በጎንደር የከረሙት በመስቀል ማግሥት ሊወጡ ነው፤ የዘመናቸው መጻሕፍት በየበጋው ያደረጓቸውን ዘመቻዎች ይተርካሉ። በክረምቱ ወራት ደግሞ ከተማው በሊቃውንት ይሞላል፤ መንገድ የተዘጋበት መኰንን በዳኝነትና በግብር፣ መንገድ የተዘጋበት ደብተራ በቅኔና በዜማ ይውላል። የጎንደር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከፍ ያለበትን ምክንያት ስንፈልግ፣ በየዓመቱ ሰውን ሁሉ በአንድ ቦታ ለሦስት ወር ያስቀመጠውን ዝናብ ልንረሳው አይገባም።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር በገባ ጊዜ ይህን ሕግ በራሱ ላይ አየው። በግንቦት ከራስ ሚካኤል ሠራዊት ጋር ወደ ዓባይ ምንጭ ሊሄድ ተነሥቶ፣ ጢስ ዓባይን ካየ በኋላ ጦርነቱና የክረምቱ መግባት ከመንገድ መለሱት፤ ክረምቱን በጎንደር አሳልፎ፣ የሚወርደውን ዝናብ በመስፈሪያ እየለካ በመጽሐፉ መዘገበ፤ ጥቅምት ላይ እንደ ገና ተነሥቶም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 4 ቀን ግሽ ዓባይ ደረሰ። መንገዱ ያው ነበር፤ የከፈተለት ጥቢ ነው።

ነጋዴዎቹ ይህን ከነገሥታቱም ቀድመው ያውቁታል። ከጎጃም የባሶ ገበያ ተነሥቶ በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ፣ ቡናውን፣ ሰሙንና የዝባዱን ቀንድ ጭኖ፣ ሲመለስ አሞሌ ጨውና የባሕር ማዶ ጨርቅ ይዞ፣ በበቅሎና በአህያ ወራት የሚፈጅ መንገድ ይሄድ ነበር። ክረምት ከገባበት በደረሰበት ከተማ ጭነቱን አራግፎ ይቀመጣል፤ ዓባይን ለመሻገር ከሙላቱ ጋር የተጋፉ ብዙዎች ከነጭነታቸው ቀርተዋልና። መስቀል ሲያልፍ ነጋድራሱ ቅፍለቱን ሰብስቦ ይነሣል፤ በየበሩና በየመተላለፊያው ያሉ ኬላዎችም ከሦስት ወር ዝምታ በኋላ ቀረጥ መቀበል ይጀምራሉ። ከነጋዴው ጋር በዚያው ሰሞን መንገድ የሚወጣው ምእመን ነው። በወሎ የግሸን ደብረ ከርቤ በዓል መስከረም 21 ቀን ይውላል፤ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የመስቀሉ ግማድ እንዳረፈበት የሚታመነው ይህ አምባ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ገደል ነው፤ ተሳላሚውም ጭቃው ገና ባልጠናበት፣ ወንዙ ገና ባልጎደለበት ቁልቁለት ወርዶ ዳገት ሲወጣ፣ የዓመቱን የመጀመሪያ ረጅም ጉዞ ያደርጋል።

መስቀል በደጋው መንግሥት ሥርዓት ውስጥ የነበረውን ክብር በሃይማኖቱ ብቻ መግለጥ አይበቃም። ደመራው በሸዋ መስከረም 16 ቀን ሲመሽ፣ በጎንደርና በሌሎችም የሰሜን አገሮች በ17 ማለዳ ይለኮሳል፤ ምሰሶው የወደቀበት አቅጣጫም የዘመኑን ነገር ያመለክታል ተብሎ ይታያል። ነገር ግን በዚሁ ዕለት መኳንንቱ ጭፍሮቻቸውን አሰልፈው በንጉሡ ፊት ያሳልፉ ነበር፤ ወታደሩ ይፎክራል፣ ጌታው የሰውና የበቅሎውን ብዛት ያሳያል፣ ንጉሡም በመጪው በጋ በማን ላይ ሊተማመን እንደሚችል በዓይኑ ይመዝናል። ወራቱ ለዘመቻ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ሣሩ ለምለም በመሆኑ ጋማ ከብቱ ወፍሯል፣ ምንጩ ሁሉ ውሃ አለው፣ ማሳው ሊደርስ ነው። ይህ የመጨረሻው ግን ለገበሬው ሁለት ፊት የነበረው ነገር ነው። በነሐሴ ተርቦ፣ በመስከረም እሸት ቀምሶ፣ በኅዳር ሊያጭድ የተዘጋጀ ሰው፣ በማሳው ላይ የሚያልፈውን ሠራዊት ማየቱ ከበረዶ የማይተናነስ መከራ ነበር፤ ስለ ድሎቻችን ስንጽፍ ሠራዊቱን የመገበው የማን እህል እንደ ነበረ አብረን ልንጽፍ ይገባል።

የዚህ ሥርዓት ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ የዐድዋ ዘመቻ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጁን ያስነገሩት መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዝናቡ ገና ሳያቋርጥ፣ መስቀል ሊደርስ 10 ቀን ሲቀረው ነበር። ከአዲስ አበባ የተነሡት ደግሞ በጥቅምት መጀመሪያ ነው። በመካከሉ ያለው የሦስት ሳምንት ያህል ጊዜ የዝግጅት ብቻ አይደለም፤ አዋጁ እስከ ዳር አገር እንዲደርስ፣ ወንዙም እንዲጎድል፣ ምድሩም እንዲጠና የተተወ ጊዜ ነው። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ፣ የካቲት 23 ቀን ዐድዋ፤ ከአዋጁ እስከ ድሉ ድረስ ያለው ሁሉ የተፈጸመው በአንድ በጋ ውስጥ፣ የሚቀጥለው ክረምት ሳይደርስ ነው። የክረምቱን መውጫ ሳይጠብቁ የዘመቱ አዛዦች አልነበሩም ማለት አይደለም፤ ራስ አሉላ በኩፊት ደርቡሾችን የገጠሙት በመስከረም 1878 ዓ.ም. መስቀል ሳያልፍ ነው፤ ያ ግን ወደ ቆላው የተደረገ ዘመቻ ነበር፣ እንደ ሥርዓቱ የሚቆጠር አይደለም።

ከዐድዋ 28 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ አንዱ በጋ ሁለት ሠራዊቶችን በተቃራኒ መንገድ ወደ አንድ አምባ ሲያጓጉዝ እናያለን። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ክረምቱ እንደ ወጣ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ፤ በየገደሉ መንገድ እየጠረጉ ሲሄዱ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። በዚያው ወራት የእንግሊዝ ሠራዊት በዙላ ወደብ ወርዶ በትግራይና በላስታ በኩል ይመጣ ነበር፤ ጄኔራል ናፒየርም ክረምት ሳይቀድመው ገብቶ መውጣት እንዳለበት ያውቃል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግሥት መቅደላ ተያዘ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዝ ሠራዊት በሰኔ ከባሕሩ ዳር ሲጓዝ፣ ከኋላው በደጋው ላይ ደመናው ይሰበሰብ ነበር።

ስለ ጦርነት ብዙ ተናገርን፤ ግን በእነዚያው ቀኖች በደብሮቹ ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። መስከረም 26 ቀን ዘመነ ጽጌ ይገባና እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ 40 ቀን ይቆያል፤ የእመቤታችንን ስደት እያሰቡ ብዙዎች በፈቃዳቸው ይጾሙታል። አባ ጽጌ ድንግል እንደ ደረሰው የሚነገረው ማኅሌተ ጽጌ በየሳምንቱ ሌሊት በዝማሬ፣ በመቋሚያና በጸናጽል ይደርሳል፤ ካህናቱ ከሌሊቱ ብርድ የተነሣ ካባቸውን አጥብቀው ሲወጡ፣ በቅጽሩ ዙሪያ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ያገኙታል። በደጋ አገር ተወልዶ ይህን ሌሊት ያልቆመ፣ ቆሞም ያን ማለዳ ያላየ ሰው፣ ደራሲው የድንግልን ክብር በአበባ ለመመሰል ለምን በዚህ ወር እንደ ተነሣ በሙሉ ይረዳው ዘንድ ይቸግራል። በጎንደር ይህ ዘመን የሚዘጋው ኅዳር 6 ቀን እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም በዓል ነው።

የኢጣልያ ፋሽስት መንግሥትም የክረምቱን ሕግ ሊሽር አልቻለም። በ1927 ዓ.ም. ክረምት ሠራዊቱን በኤርትራ አከማችቶ ዝናቡ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ፤ በዚያው ዕለት በአዲስ አበባ የክተት ነጋሪት ተጎሰመ። አባቶቻችን በጥቢ ሊዘምቱ የተጠቀሙበትን በር ወራሪው ራሱ ተጠቅሞበት፣ ሚያዝያ 27 ቀን ዋና ከተማውን ያዘ። ክረምቱ ግን ተመልሶ መጣ፤ መንገዱ በማጥ ተያዘ፣ አውሮፕላኑ በደመና ታገደ፣ በአዲስ አበባ ያለው የጠላት ጦር ከባቡሩ መስመር በቀር ከሌላው አገር ተቆረጠ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ካሣና ሌሎች አርበኞች ከተማውን በየአቅጣጫው ያጠቁት በዚያው በዶፍ መካከል ነው፤ በማግሥቱም አቡነ ጴጥሮስ በግፍ ተገደሉ። ቀደም ሲል ክረምት የሰላም ጊዜ ከነበረ፣ በአምስቱ ዓመት የአርበኛ ወዳጅ ሆነ።

መጨረሻውም በዚሁ ወራት መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ፣ በጎንደር ዙሪያ የቀረው የኢጣልያ ጦር የክረምቱን ወራት በተራሮቹ ተጠልሎ አሳለፈ። ከስሜን ገደል ጫፍ፣ በልማሊሞ መንገድ ራስ ላይ የተመሸገው የወልቀፊት ጦር፣ ከስሩ ያለው ቆላ በጉም ተሞልቶ ከታች የሚመጣ መንገድ በሌለበት፣ በአርበኞችና በእንግሊዝ ወታደሮች ተከብቦ ከረመ፤ እጁን የሰጠውም በመስከረም 1934 ዓ.ም. አጋማሽ፣ በመስቀል ሰሞን ነው። ጎንደር ከሁለት ወር በኋላ፣ በኅዳር፣ ተለቀቀች።

ከዚያ ወዲህ ድልድዩ በዓባይ ላይ ቆመ፣ የጥርጊያው መንገድ በድንጋይ ተነጠፈ፣ ሐምሌም ቢሆን ተጓዥ ከሸዋ ጎንደር ይደርሳል። የወራቱ ሥርዓት ግን ከመንግሥቱ ልማድ ጨርሶ አልወጣም። ተማሪ ቤቶች በሰኔ ተዘግተው በመስከረም ይከፈታሉ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 ቀን እስከ መስከረም 30 ቀን ከአስቸኳይ ጉዳዮች በቀር ችሎት አያስችሉም፤ ባለጉዳዩም ቀጠሮው ለጥቅምት መተላለፉን ሲሰማ አይደነቅም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ58ኛው አንቀጽ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ቀን ድረስ እንዲሆን ደንግጓል፤ የአገሩ ሸንጎ ዛሬም የሚሰበሰበው ነገሥታቱ ከክረምት ሰፈራቸው ይነሡበት በነበረው ሰሞን ነው።